ሰባተኛው የሰርግ ካርድ

ጸዳለን ማግባት ያስወጣኝ ባጠቃላይ ይኸው ነው፦ ጽሑፉ ወርቅማ የሆነ ሁለት መቶ አርባ የጥሪ ካርድ፣ ጉልበቱ ላይ ጮማ ያረፈበት አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ለኮንትራት ታክሲ አሥራ ሁለት ብር፣ እና የሌላ ሰው ሰባት ልጆች የሰርግ ካርድ በነጻ። የካርዱና የልብሱ ነገር በጊዜው አልቋል። ታክሲው ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ያኔ ከካዛንቺስ ሰንጋ ተራ አሥራ ሁለት ብር የጠየቀ ሰው በኋላ ምን ሆኖ ይሆን እላለሁ። ከሰባቱ ሰርግ ስድስቱን አትሜ ጨርሻለሁ። ሰባተኛውን ግን ባለቤቶቹ ረስተውታል ብዬ እኔም ረስቼው፣ አርፌ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ጋራዥ ጓሮ ሆኜ ማተሚያ መኪናዬን ዘይት እቀባለሁ። የካዛንቺሱ ቤታችን ለልማት ሲነሳ እኔና ባለቤቴ ኮንዶሚኒየም ገባን። መኪናዋ ግን ሦስተኛ ፎቅ የምትወጣ ዓይነት አይደለችም፤ ስለዚህ እሷ ጋራዥ ገባች። መካኒኮቹ ለምደዋታል። «ጋሼ፣ ይቺ ስንት ሲሲ ናት?» ይሉኛል። «እንደ እግርህ ነው» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር ትረገጣለች። አፏን ስትከፍት ካርድ ታጎርሳታለህ፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ስትከፍት ታትሟል። እጅህን ቶሎ ካልሰበሰብክ እሱም ይታተማል። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ፣ በዓል ሲቀርብ፣ ያረጀ ነገር የሚወድ ልጅ እየመጣ ጥቂት ካርድ ያሳትመኛል። ሌላውን ጊዜ ሥራዬ ዘይት መቀባት ነው። ባለቤቴ «እኔን እንዲህ ብትንከባከበኝ ጉልበቴ አያመኝም ነበር» ትላለች።

«ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?» አለች አንዲት ሴት። ሃምሳውን ያለፈች፣ የመምህር ቦርሳ የያዘች፣ ጫማዋን ከጋራዡ ዘይት እያሸሸች የምትራመድ።

«ለካርድ ከሆነ ባምቢስ ጋ ኮምፒውተር ቤት ሞልቷል። ባንድ ሰዓት ያደርሱልሻል።»

«ባምቢስ ይሄን አይቀበሉኝም» ብላ ከቦርሳዋ ዳዊት አወጣች፤ ከዳዊቱ መሃል ደግሞ ቢጫ የሆነ አሮጌ ካርድ። ጀርባውን አዙራ ሰጠችኝ። የእኔው የጎረምሳነት የእጅ ጽሑፍ ነው፦ ‹ሰባት ልጅ፣ ሰባት ሰርግ፣ ካርዱ በነጻ። ደምሴ።› ከሥሩ ስድስት ሰረዝ ተሰርዟል።

«የጋሽ ሞላ ልጅ ነሽ?»

«ሰባተኛዋ። አስቴር።»

«አላገባሽም እንዴ እስካሁን?»

«ላገባ ነዋ!»

«ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ወረቀቱ ላይ የዕድሜ ገደብ አልተጻፈም ጋሼ» አለችኝ። አባቷን መሰለችኝ። እሱም እንዲህ ነበር፤ የሚያደርገው ሁሉ በሬ እንደሚገዛ ሰው፣ ጥርስ ቆጥሮ።

ካርዱን ገለበጥኩት። በፊት ለፊቱ ወርቁ ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ዞሯል እንጂ ፊደሉ እንዳለ ነው፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ወረቀቱን የነከሰበት ቦታ ይሰማኛል። የዛሬ ካርድ እንዲህ አይሰማም፤ የዛሬው ወረቀቱ ላይ የተኛ ነው፣ የኛ ግን የገባ ነበር። አሸተትኩት። የናፍጣና የቀለም ሽታ ወደ ሃምሳ ዓመት ዳዊት ውስጥ ከርሞ ይቆያል ብል ማንም አያምነኝም፤ ሸተተኝ ግን። በቃ፣ ወንበር አምጥቼላት ሳበቃ እኔ ራሴ ተቀመጥኩበት።

ያኔ ማተሚያ ቤቴ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሙዚቃ ቤት መካከል የነበረች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ኪራይዋ በወር አሥራ ስምንት ብር። ልብስ ሰፊው እግሩ ሰፊ የሆነ ሱሪ ሲሰፋ ውሎ፣ ቀበሌ ያያል ብሎ ደግሞ ማታ ያጠብበዋል። ሙዚቃ ቤቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ያጫውታል፤ ካሴቱ ካንድ ቦታ ሲደርስ ስለሚንገራገጭ ሰፈሩ ሁሉ ዘፈኑን ከነመንገራገጩ ነው የሚዘፍነው። ጎፈሬ የነበረው ጎፈሬውን፣ ያልነበረው ሐሳቡን አበጥሮ ይወጣል። ፓስቲ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ አንድ የሰርግ ካርድ ከነፖስታው ሠላሳ አምስት ሳንቲም። ከኔ በፊት መኪናዋን የያዙት ሽማግሌ ዓይናቸው ሲደክም በዱቤ ሸጡልኝ፤ ከነእርሳስ ፊደሏ፣ ከነመሳቢያዋ፣ ከነስሟ። ‹ወይዘሮ› ነበር የሚሏት። እኔም አልቀየርኩትም።

የአማርኛ ፊደል ለነጋዴ ከባድ ነው። የፈረንጁ ሃያ ስድስት ነው፣ ባንድ ሳጥን ያልቃል። የኛ ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ አንዱ ግድግዳ ጠቅላላ መሳቢያ ነው፤ ፊደል ለቃሚ ማለት እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በዚያ ግድግዳ ፊት ወዲያ ወዲህ የሚል፣ እርሳሱን አንድ ባንድ እያነሳ፣ ወደ ኋላ ገልብጦ የሚደረድር ሰው ነው። በዚያ ላይ ፊደሉ ይጎድላል። ‹ጓ› አምስት ፍሬ ብቻ ነበረችን፤ ያንን እርሳስ ያቀለጡት ሰዎች አንድ ቀን ይህን ያህል ጓድ ይመጣል ብለው አላሰቡም። አንድ ካርድ ላይ ስድስት ጓድ ከተጠራ ስድስተኛው ‹አቶ› ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ መጥቶ ‹ለምን አቶ አደረግኸኝ› ብሎ ያስፈራራኝ ጊዜ መሳቢያውን ስቤ ባዶውን አሳየሁት። «በሚቀጥለው ሰርግ ላይ እርስዎን አስቀድማለሁ» አልኩት። ተስማማ።

ጸዳለን የቀጠርኳት ለዚህ ነው። ትልቅ ማተሚያ ቤት ሠርታ የወጣች ፊደል ለቃሚ ናት፤ የተገለበጠ ጽሑፍ ከቀናው ይልቅ ይፈጥንላታል። አንገቷን ሳታዞር እጇ መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ የፈለጋትን ይዞ ይወጣል። ፊደል የሚታጠበው በናፍጣ ስለሆነ እጇ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ከሽቶ ይልቅ ናፍጣ ይማርከኝ ጀመር። አንድ ቀን የደመወዟን ፖስታ ስሰጣት «ደምሴ፣ ሁለት ብር ተሳስተህ ጨምረሃል» አለችኝ። «አልተሳሳትኩም» አልኳት። «እንግዲያው እኔም ያየሁት ተሳስቼ አይደለም» አለችና ወደ መሳቢያዋ ዞረች። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ንግግር በመካከላችን ተደርጎ አያውቅም፤ አስፈልጎንም አያውቅም።

አስቸጋሪው አባቷ ነበሩ። አቶ አበራ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ቤት ሹም ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ ሱቅ የማይወጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላክሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ጥፍሩ ሥር ቀለም ላለበት ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው መለሱ። በልጃቸው ጥፍር ሥርም ቀለም እንዳለ አላዩም፣ ወይም ከኔ ነው የተላለፈባት ብለዋል። በሦስተኛው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የነገሩኝ እንዲህ ነው።

«እሺ ብለዋል። ሰርጉ ግን እንደ እሳቸው ይሁን። ሁለት መቶ አርባ ካርድ፣ በወርቅ።»

«ይሁን።»

«የተጋባዡም ስም በእስክሪብቶ አይሞላም። በነጠብጣብ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ስም ለከሳሽና ለተከሳሽ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው ስሙ ታትሞ ይድረሰው፣ ከነማዕረጉ።»

«እያንዳንዱ?»

«እያንዳንዱ። ደግሞም ካርድ አልደረሰኝም ወይም ጠፋብኝ ብሎ ካከበርኳቸው ሰዎች አንድ ቢቀር፣ ልጄ ያን ቀን ከደጄ አትወጣም ብለዋል።»

ይህን የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሁለት መቶ አርባ ስም ማለት መኪናዋን ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ማቆም ነው፤ ስም መፍታት፣ ስም ማስገባት፣ አንድ ካርድ ማተም፣ ገና ሳይደርቅ ወርቁን ዱቄት በጥጥ መነስነስ፣ ማራገፍ፣ እንደገና ማቆም። ጸዳለ ዘዴ አመጣች፤ በተራ ከመሄድ ይልቅ በስም ከፋፈለቻቸው። ማክሰኞ የገብረዎች ቀን ሆነ፣ ረቡዕ የወልደዎች፣ ሐሙስ የኃይለዎች፤ የጋራ የሆነው እንዳለ ተቀምጦ ጭራው ብቻ ይቀየራል። የማዕረጉ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዘመኑ ግራዝማች መባል የሚያስፈራበት ነበር፤ አቶ አበራ ግን «እኔ ስጠራቸው ግራዝማች ናቸው፣ ቤታቸው ሲገቡ የፈለጉትን ይሁኑ» ብለው ድርቅ አሉ። ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ሰባት ጓዶችም አሉ። አንድ መሳቢያ ፊት ቆማ ግራዝማችና ጓድ ጎን ለጎን ስትደረድር ጸዳለ «እርሳሱ እንኳ አልተጣላም» አለች።

ሳምንት ሙሉ ጥቁር ሆነን፣ ከዚያ ደግሞ ወርቅ ሆነን ዋልን። ቅንድቧ ላይ ያረፈውን ወርቅ ቤት ከመግባቷ በፊት በመሃረብ አራግፍላት ነበር። የቀሩት ዘመናት እንዳሉ ሆነው፣ እኔ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

አሁን ስህተቱ ጋ ደረስኩ። የሰርግ ካርድ የሚያትም ሰው በየጊዜው ከባዶ አይለቅምም። ‹እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠራዎታለን› የሚለው ሐተታ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ የተለቀመውን ገጽ በሲባጎ አስረን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። አዲስ ሰርግ ሲመጣ አራት ነገር ብቻ ይቀየራል፤ ሙሽሮቹ፣ ወላጆቹ፣ ቀኑ፣ ቦታው። ከኛ በፊት የታተመው ሰርግ የጋሽ ሞላ ነበር፤ ሰንጋ ተራ የሚኖር የከብት ነጋዴ፣ የበኩር ልጁን የሚድር። የሱም ሰርግ በዚያው እሑድ ነው፤ ጥር ላይ ሰው ሁሉ ባንድ እሑድ ይጋባል። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሁሉም ሰርግ የምሳ ነው፣ ሰዓቱም አንድ። የሙሽሮቹን ስም ቀየርን፣ የወላጆቹን ቀየርን። ቀኑ ያው ስለሆነ አልነካነውም። ቀኑን ስናልፍ ቦታውም አብሮ አለፈ። ‹ካዛንቺስ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት› መባል ሲገባው ‹ሰንጋ ተራ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን› እንዳለ ቀረ። እኔ ጸዳለ የቀየረችው መስሎኝ ነው፤ እሷ ደግሞ እኔ የቀየርኩት መስሏት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ የራሴ ነው እላለሁ፣ እሷም የራሷ ነው ትላለች፤ ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ብርቅ ነው።

ማረሚያ፣ ማለት ደንበኛው አይቶ የሚያርመው የሙከራ ቅጂ፣ አልተሠራም ወይ ካላችሁ ተሠርቷል። እኔ ያለ ደንበኛ ፊርማ ወረቀት አላጎርስም፤ ነጋዴ ነኝ። አቶ አበራ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀይ እርሳስ ይዘው፣ ባለ ጉዳይ እንደሚያስቆም ሰው እኔን አቁመው አነበቡ። የራሳቸውን ስም አራት ጊዜ አነበቡት። ከእኛ ቤተሰብ ስም በላይ መሆኑን በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ከታች ‹ታርሟል፣ ይታተም› ብለው ያን ጠምዛዛ የፍርድ ቤት ፊርማቸውን አሳረፉበት።

ካርዱ ታደለ። ማንም ምንም አላለም። ይህ ነው የሥራችን ምስጢር፤ ካርድ የደረሰው ሰው የሚያነበው የገዛ ስሙን ነው። ስሙን በወርቅ ታትሞ ሲያይ ደግሞ ሌላውን አያይም። ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ያውቀዋል፣ አድራሻ ምን ያደርግለታል። ቦታውን የሚያነብ ሰው ቤቱን የማያውቅ ብቻ ነው።

እሑድ ከሚዜዎቼ ጋር ደረስኩ። እንደ ደንቡ የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች በሩን ዘግተው አናሳልፍም እያሉ ይዘፍናሉ። እንደ ደንቡ ሚዜዬ ብር ሰጣቸው። እንደ ደንቡ ተቀበሉ። በሩ ግን አልተከፈተም። ዘፈኑ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። አቶ አበራ ወጡ።

«የፍርድ ቤት ሰዎች የት አሉ?»

«የትኞቹ ጋሼ?»

«ዳኛው! ዳኛውና አሥሩ ባልደረቦቼ! ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ፣ ቤቴን ገና ዛሬ የሚያዩ ሰዎች አንዳቸውም አልመጡ። ምሳ ቀዘቀዘ። ካርዱን አድርሻለሁ ብለህ የለም?»

«በእጃቸው ነው የሰጠሁት።»

«እንግዲያው ንቀውኛል። ወይ እነሱ ንቀውኛል፣ ወይ አንተ ዋሽተኸኛል። የተናገርኩትን ታውቃለህ። እነሱ ሳይመጡ ጸዳለ ከዚህ ደጅ አትወጣም።»

በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ አየኋት። ነጭ ለብሳለች፤ ከንፈሯን ነክሳ በእጇ የሆነ ነገር ታሳየኛለች። ጣቷን ወደ ኋላ እየገለበጠች፣ ፊደል እንደምትደረድር ሁሉ። የካርዱን ፊደል ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ሚዜዬን «ካርድህን ይዘሃል?» አልኩት። ከኪሱ አወጣ። አነበብኩ፤ ያን ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተጋባዥ አነበብኩት። ሰንጋ ተራ።

ውይይት የምንላትን ታክሲ አቁሜ ብቻዬን በኮንትራት ገባሁ። ሾፌሩ ሙሉ ልብሴንና ደረቴ ላይ የተሰካውን አበባ አይቶ ነው አሥራ ሁለት ያለኝ፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ሰንጋ ተራ ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል። አስተናጋጆቹ የፍርድ ቤቱን ሰዎች ያስገቡት ወርቁን አይተው እንጂ ስሙን አንብበው አይደለም፤ ካርዱ ከነሱ ካርድ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዳኛው በክብር ቦታ ተቀምጠዋል። አሥሩ በዙሪያቸው። የማያውቋቸውን ሙሽሮች መርቀው ጨርሰው ሥጋ ላይ ናቸው። «አበራ የት ሄዶ ነው?» ሲሉ፣ ጎን ያለው ሰው ሌላ አበራ መስሎት «እያስተናገደ ነው» ብሏቸዋል።

ጋሽ ሞላ ዱላውን ተደግፎ አየኝ። «አንተ ሙሽራ ትመስላለህ። የኔ ሙሽራ ግን ውስጥ ነው ያለው።»

«ደምሴ ነኝ ጋሼ፣ ካርድ ያተምኩልዎ።»

«ኸረ! ካርድህ ግሩም ነው ባክህ። ያልጠራኋቸው ዳኞች ሁሉ መጡልኝ!»

ነገሩን አስረዳሁት። ሳቁ መጀመሪያ ሆዱ ላይ ተነሳ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ቆመ። «ይዘሃቸው ልትሄድ?» አለ። «ዳኛ እቤቴ ገብቶ ምሳውን ሳይጨርስ ተነጥቆ ወጣ ሊባል? ሰው ምን ይላል? ተከሶ ነው አይሉም?»

«ጋሼ፣ እነሱ ካልሄዱ ሚስት የለኝም።»

«እኔ ደግሞ ስም አይኖረኝም።»

ሁለት ነጋዴዎች ፊት ለፊት ስንቆም በሁለታችንም ዓይን ላይ አንድ ነገር እንደበራ ትዝ ይለኛል። «ከዛሬዋ ሌላ ስንት ልጅ ይቀርዎታል?» አልኩት።

«ሰባት። ታናሿ ይህቻት» አለ። ጉልበቱን ያቀፈች አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

«የሰባቱንም የሰርግ ካርድ በነጻ አትማለሁ።»

«በወርቅ?»

«በወርቅ።»

«ጻፈው።»

ወረቀት አልነበረም። ዳኛው እየሳቁ የራሳቸውን ካርድ አቀበሉን፤ በጀርባው ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ጋሽ ሞላ ተቀብሎ አነበበና «አሁን ጉረስ፤ ሳትጎርስ አትወጣም» ብሎ በእጁ አንድ ሙዳ አጎረሰኝ። የመጀመሪያው ቅባት ጉልበቴ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ለዳኛው ደግሞ ለመንገድ ብሎ ሙሉ ጎድን በወረቀት አስጠቀለለላቸው፤ ይህም ሰው እያየ ስለሆነ ስሙ ተመለሰለት።

አሥራ ሁለት ሆነን ባንድ የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ታጭቀን ካዛንቺስ ስንደርስ አቶ አበራ ደጅ ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ዳኛው ወረዱ፤ ጥቅሉን ጎድን በብብታቸው ይዘዋል።

«አበራ፣ እንደምን ዋልክ። በካርድህ መሠረት ሰንጋ ተራ ተገኝተናል።»

«ሰንጋ ተራ? ምን ታደርጉ?» የሚዜዬን ካርድ ነጥቀው አነበቡ። ፊታቸው ቀላ። «ይህ አታሚ! ጥፍሩ ሥር ቀለም ያለበት ሰው አላልኩም? አላልኩም?»

ዳኛው ግን ዳኛ ናቸው፤ ሆዳቸው ቢሞላም ሥራቸውን አይረሱም። ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከመታተሙ በፊት ማረሚያ ይወጣል አይደል?»

«ይወጣል ጌታዬ።»

«ማረሚያውን የፈረመው ማነው?»

ማረሚያው በደረት ኪሴ ነበር። ለማስታወሻ ላስቀምጠው ብዬ ጠዋት ከሱቅ ያነሳሁት። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን ነካ፤ የቀይ እርሳሱ ጽሑፍ የሚሰማኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ አቶ አበራን አየኋቸው። ትዝ ብሏቸዋል። ከረባታቸው እንደታሰረ ነው፣ ፊታቸው ግን አመድ ሆኗል። ከኋላቸው መስኮቱ ላይ መጋረጃው ተነሥቷል።

ሃምሳ ዓመት ስነግድ ኪሴ ውስጥ ያለ ማስረጃ ሳላወጣ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት ጌታዬ» አልኩ። እጄን ባዶውን አወጣሁ።

ዳኛው አዩኝ፣ አቶ አበራን አዩ። «እንግዲያው ጥፋተኛው አምኗል» አሉ። «ቅጣቱም ውስጥ ሆና እየጠበቀችው ነው። አበራ፣ አስረክብ። ደግሞ ይህን ጎድን ከእጄ ተቀበለኝ።»

በሩ ተከፈተ። ልጃገረዶቹ ዘፈኑን ካቆሙበት ጀመሩት። አቶ አበራ ባጠገባቸው ሳልፍ ክንዴን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ‹አንተ አታሚ› ቀርቶ ‹ልጄ› ሆንኩ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት ሆነ፣ ከዚያ ሞባይል ቤት ሆነ፣ ከዚያ አጥር ሆነ። ሠላሳ አምስት ሳንቲሟ ካርድ አምስት ብር፣ ሃያ ብር፣ ስንት ብር ደረሰች። ጋሽ ሞላ ልጅ በዳረ ቁጥር ያቺን ካርድ ይዞ ይመጣል፤ አትማለሁ፣ በፊቴ አንድ ሰረዝ ይሰርዛል፣ መልሶ ዳዊቱ ውስጥ ያስገባታል። አንድም ጊዜ ለኔ ጥሏት አልሄደም። አቶ አበራ ሊያልፉ ሰሞን፣ አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ፣ ጸዳለ ወጣ እንዳለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ያ ማረሚያ ወረቀት የት ገባ?»

«አይጥ በላው ጋሼ።»

«ፊርማዬንም?»

«ከፊርማዎ ነው የጀመረው።»

በሕመማቸው ላይ ሳቁ፤ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። «ደግ አይጥ ነው» አሉ።

አይጡ አልበላውም። የካዛንቺሱን ቤት ስንለቅ ጸዳለ መሳቢያዎቹን ባዶ ስታደርግ፣ ከመጨረሻው መሳቢያ ምንጣፍ ሥር አገኘችው። ቁራሌው የእርሳሱን ፊደል በኪሎ ልግዛ ብሎ ደጅ ቆሟል፣ የትልልቁን ፊደል ሚዛን ጨርሰናል። እሷ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። የአባቷን ፊርማ ታውቀዋለች።

«ባዶ እጅህን ስታወጣ አይቼ ነበር» አለችኝ። «ኪስህ ውስጥ ምን እንደነበረ ነው የማላውቀው።»

«ዓይናቸው ደክሞ ነበር» አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ቁራሌው ዞረች። «የሰርጉ ፊደል አይሸጥም» አለችው። «ሌላውን ውሰድ።» ስለዚህ ነው ዛሬ የዚያ አንድ መጠን ፊደል ብቻ የቀረን፤ ልክ ያን ካርድ ያተምንበት።

አስቴር ሠላሳ አምስት እንግዳ ብቻ ነው ያላት። የምታገባው ሚስቱ የሞተችበት የሒሳብ መምህር ነው። «ሁለታችንም ተማሪ መቆጣጠር ሰልችቶን እርስ በርስ ልንቆጣጠር ነው» አለችኝ። የእያንዳንዱ ስም ይታተም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «የአባቴ ወረቀት ላይ አይልም» አለች፤ ከዚያ ትንሽ አፍራ «ግን ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች። እናም ጸዳለን በታክሲ ቡልጋሪያ አመጣኋት። መነጽሯ ወፍራም ሆኗል፣ እጇ ግን መነጽር አያስፈልገውም። ጋራዡ ውስጥ መካኒኮቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ከበቧት፤ እሷ ሳትዞር እጇን መሳቢያ ውስጥ ትሰዳለች፣ የፈለገችውን ታወጣለች። ‹ጓ› አምስቷም አለች። ዘንድሮ የሚፈልጋት የለም።

ማረሚያ አወጣሁ። ለአስቴር እስክሪብቶ ሰጠኋት።

«መፈረም አለብኝ ጋሼ?»

«አለብሽ።»

አነበበች። አየኋት፤ የገዛ ስሟን አነበበች፣ ፈገግ አለች፣ ፈረመች። ጸዳለና እኔ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም፣ ተራ በተራ፣ ጣታችንን ቦታው ላይ አሳርፈን ፊደል በፊደል አነበብን። ትክክል ነው።

ሠላሳ አምስቱን አተምኩ። እግሬ ሃያኛው ላይ ሲደክም አንዱ መካኒክ ለመርገጥ ለመነኝ፤ «ስንት ሲሲ እንደሆነች አሁን ገባኝ» አለ። ወርቁን ጸዳለ ነሰነሰች፤ ቅንድቧ ላይ ያረፈውን እኔ በመሃረቤ አራገፍኩ። የመጨረሻው ካርድ ላይ የታተመው ስም የሁለታችን ነበር፤ አስቴር በዝርዝሩ መጨረሻ ደብቃ ነበር ያስገባችው።

የዳኛውን ካርድ አመጣች። ሰባተኛውን ሰረዝ ራሷ ሰረዘች። ከዚያ አባቷ ሠርቶት የማያውቀውን ሠራች፤ ካርዱን ለኔ ትታልኝ ሄደች። ጸዳለ ከቤት ይዛው የመጣችውን የአባቷን ማረሚያ ከደረቷ አውጥታ ከካርዱ ጋር አንድ ላይ አጠፈችና ‹ጓ› ያለችበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሰባት ሰርግ ቃል ገባሁ። ሰባት አተምኩ። ቀሪ የለም።